ልቤን ፎቶ ለማስነሳት ወደ ሶዶ

ከየክፍለ ሀገሩ የታመመ ሰው ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። እኔ ባለፈው ወር ለሕክምና ከአዲስ አበባ ወደ ወላይታ ሶዶ ሄድኩ። ይህን ለወዳጆቼ ስነግራቸው ግማሾቹ ቀልድ መሰላቸው፤ የቀሩት ሕመሙ ወደ ጭንቅላቴ የወጣ መሰላቸው። ሰው ሁሉ ወደሚሄድበት መሄድ ስለማይወድ ነው ያሉም አልጠፉም። እነዚህ በደንብ ያውቁኛል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ተሳስተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከልቤ የደም ቧንቧዎች አንዱ ጠብቦ ስቴንት ተደርጎልኛል። ስቴንት ማለት ከብዕር ቀፎ የቀጠነች፣ ቧንቧው ተመልሶ እንዳይጠብ ውስጡ ገብታ ደግፋ የምትይዝ የሽቦ ወንፊት ናት። ዘንድሮ ደረቴን ይጨንቀኝ ጀመር። ሐኪሜ "ስቴንቷ ውስጥ መጥበብ ይኖር ይሆናል" ብሎ ሲቲ ስካን አዘዘ። ውጤቱ ሲመጣ ዋናው ቃል "መገምገም አልተቻለም" የሚል ነበር። ብረቱ ምስሉ ላይ ያበራል፤ ከልኩ በላይ ወፍሮ ይታይና ውስጡን ይሸፍነዋል። ረጅም መብራት አብርቶ ከፊት ለፊታችሁ የሚመጣ መኪና ሾፌሩን እንደሚሰውርባችሁ ማለት ነው። የቀረው አማራጭ እንደገና በእጅ አንጓ ሽቦ አስገብቶ እስከ ልብ ድረስ ሄዶ ማየት ነው። ያንን አንዴ ቀምሼዋለሁ፤ ለመድገም ጉጉት አልነበረኝም። ባለቤቴ ሰብለ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ምንም መሣሪያ የደረሰችበት የራሷ ውጤት ነበራት፦ "ጨጓራህ ነው።"

በዚህ መሃል ጴጥሮስ ደወለ። ጴጥሮስ በዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ያደርን፣ ሶዶ ተወልዶ አሁንም እዚያው የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው።

"እኛ ጋ አዲስ ማሽን ገብቷል" አለኝ። "ስፔክትራል ሲቲ ይሉታል። አንዲት ሐኪም ስቴንት ያለባቸውን ሰዎች እየፈለገች ነው፤ ማሽኑ ስቴንትን ምን ያህል አጥርቶ እንደሚያሳይ ለማጥናት። አንተ ደግሞ አለብህ።"

ዕድሜዬን ሙሉ ለምንም ነገር እንዲህ ተፈልጌ አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል ተብሎ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። የድሮውን ምስል በትልቅ ኤንቨሎፕ ይዤ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ቡታጅራን እንዳለፍን ፀሐይ የሾፌሩን ግራ ዓይን ትወጋው ጀመር። ረዳቱ ዞር ብሎ እጄን አየና "ፋዘር፣ ያቺን ካርቶን አንዴ" አለ። ካርቶን አይደለም ልለው አፌን ስከፍት ኤንቨሎፑ መስታወቱ ላይ ተሰክቷል። እስከ ሆሳዕና ድረስ ሃምሳ ምናምን ሰው በልቤ ምስል ጥላ ተጓዘ። አልተቆጣሁም። ያ ምስል ሐኪሜን ምንም አልጠቀመውም ነበር፤ ቢያንስ ሾፌሩን ጠቀመ።

ከሆሳዕና በኋላ መንገዱ በእንሰት መሃል ይሄዳል። እኛ ከተማ አንድ ዛፍ ሲተከል ፎቶግራፍ አንሺ ይጠራል፤ እዚህ ከቤት ቀድሞ የሚታየው እንሰቱ ነው፣ ቤቱ ከጀርባው ተሸሽጎ። አረካን አልፈን ስምንት ሰዓት ላይ የዳሞታ ተራራ ከነደመናው ብቅ አለ፤ ሶዶ ከሥሩ ተዘርግታለች። ጴጥሮስ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ፀጉሩ ከእኔ ይልቅ ሸብቷል። ይህን ሳይ ደስ አለኝ፤ ጨዋ ሰው ይህን አይጽፍም፣ እኔ ግን ደስ አለኝ።

ቤት ስንደርስ ባለቤቱ ማርታ ገበታ አቅርባለች። ቁርጥ ሥጋ፣ ቆጮ፣ ከቃሪያና ከበርበሬ የተፈጨው አረንጓዴና ቀይ ዳጣ በየሳህኑ። የወላይታን ቁርጥ ለማታውቁ፦ አዲስ አበባ ያለው የእሱ ዘመድ ነኝ ባይ ነው። እኔ ደግሞ ሥጋና ቅባት ተከልክያለሁ። ማርታ ይህን ሰምታ ኖሮ ለብቻዬ የተቀቀለ ጎዳሬና ጎመን አምጥታ ፊቴ አኖረች።

"ሥጋው አንተን ለማክበር የተገዛ ነው" አለ ጴጥሮስ ቢላውን እያነሳ። "አንተ ካልበላህ ምን ይደረግ፣ በአንተ ፈንታ እኔ እከበራለሁ።" ተከበረም፤ እስኪጠግብ ድረስ።

ሁለተኛው ቀን

ማሽኑ ካለበት የምርመራ ማዕከል የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። ከዋዜማው ጀምሮ ቡና፣ ሻይና ኮካ የለም። ልብ በፍጥነት ከመታች ምስሉ ይደበዝዛል፤ እየሮጠ ያለ ሰውን ፎቶ እንደማንሳት ነው። እኔ ትእዛዝ የማከብር ሰው አይደለሁም፤ ይህን ግን አከበርኩ፤ ማክበሬንም ሁለት ጊዜ ለማርታ ነገርኳት።

ጠዋት ጴጥሮስ "ና፣ ጎረቤት ሰላም እንበል" ብሎ ወሰደኝ። እዚያ ሰፈር ጎረቤት በየተራ ሃይታ ቱኬ ያፈላል። የቡና ቅጠል ነው። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበርበሬና ከጓሮ ቅጠላ ቅጠል ጋር ይወቀጥና በጨው ይፈላል። ያን ሳምንት ተራው ሰፈሩ ሁሉ አዬ፣ እናቴ ማለት ነው፣ ብሎ የሚጠራቸው የአንዲት ትልቅ ሴት ነበር። ስምንት ሰው ተቀምጦ እንደ ድንች ያለ የተቀቀለ ቦዬ እየበላ ይጠጣል። እኔ አራት ዓመት በኖርኩበት ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊቴ ያለውን ጎረቤት የማውቀው በጫማው ነው፤ በሩ ላይ ያወልቃል። እዚህ ከመግባቴ የልጆቼን ቁጥርና የባለቤቴን ስም ጠየቁኝ።

አዬ ስኒ ዘረጉልኝ።

"ቡና ከሆነ ይቅርታ፣ ሐኪም ከልክሎኛል" አልኩ።

"ቡና አይደለም" አሉ አዬ። "ቅጠል ነው። መድኃኒት ነው እኮ! ጉንፋን፣ ራስ ምታት፣ ሁሉን ይነቅላል።"

ጴጥሮስን አየሁት። ጴጥሮስ ቱኬውን እያየ ነበር። እኔ ስለ ቡና ታሪክ ከማንም ጋር ሁለት ሰዓት ልከራከር የምችል ሰው፣ የቡናው አነቃቂ ነገር በቅጠሉም ውስጥ መኖሩን አንዴ አላሰብኩም። የመጀመሪያውን ስኒ በአክብሮት ጠጣሁ። ሁለተኛውን እንቢ ማለት ነውር ስለመሰለኝ። ሦስተኛውን ስለጣመኝ።

ማዕከሉ ስንደርስ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ብሩክ የሚባል ወጣት ባለሙያ ደረቴ ላይ ሽቦዎቹን ለጠፈና የልብ ምት ወደሚያሳየው ሰሌዳ ተመለከተ።

"ጋሼ፣ ቡና ጠጥተዋል?"

"በጭራሽ!"

"ሻይ?"

"አልጠጣሁም አልኩ እኮ።"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቱኬስ?" አለኝ።

ሰሌዳው በእኔ ፈንታ መለሰለት፦ በደቂቃ ዘጠና አንድ ምት።

ጥናቱን የምታካሂደው ዶክተር አስቴር መጣች። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። "ልብዎን እንዲህ ስትሮጥ ብናነሳት ሥዕሉ ይበላሻል፤ ለጥናቱም አይሆንም፣ ለእርስዎም አይሆንም" አለችኝ። "ቱኬው ከሰውነትዎ ይውጣና ነገ ይምጡ። የአገራችን ሰው 'ቡና ጠጥተሃል?' ሲባል 'አልጠጣሁም' ይላል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ቱኬን ለብቻው መጠየቅ ጀመርን።"

ስንመለስ የባጃጁ ሾፌር በመስታወቱ እያየኝ "ቱኬ ጠጥተው የተመለሱት እርስዎ ነዎት?" አለ። ከማዕከሉ ከወጣን ሃያ ደቂቃ አይሆንም።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ከቤት ስወጣ አዬ የጴጥሮስ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። በእጃቸው አንድ ፔርሙዝ ይዘዋል።

"ሙቅ ውሃ ነው" አሉኝ። "ውሃ ብቻ። እኔ ራሴ አፈላሁ። ሌላ ሰው ቤት እንዳትገባ።"

ነገሩን ማርታ ነገረችኝ። አዬ ትናንት የሆነውን ሲሰሙ "እንግዳ ልገድል ነበር" ብለው አለቀሱ። ከዚያም የእኔ ልብ እስክትታይ ድረስ ቅጠል አላፈላም ብለው ማሉ። ተራው የእሳቸው ስለሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ሊያፈላ አይችልም። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ በእኔ ምክንያት ከቱኬ ታግዷል። እስከ አስፋልቱ ድረስ ስንሄድ ራስ ምታት የያዘው ሰው ሁሉ በየበሩ ቆሞ ግንባሩን እያሸ ሰላም አለኝ። አንድም ሰው አልተቆጣም። አንዱ ብቻ "ቶሎ ይጨርሱልን፣ በጌታ" አለ።

ሰሌዳው ስልሳ ሁለት አሳየ። የስምምነት ወረቀት ሰጡኝ፤ በሕይወቴ ሳልከራከር የፈረምኩት የመጀመሪያው ወረቀት ነው። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ተኛሁ። ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት በክንዴ ሲገባ ሙቀት ከጉሮሮ እስከ ታች ወረደ፤ ሱሪዬን ያበላሸሁ መሰለኝና ክብሬን ተሰናበትኩ። አላበላሸሁም። "ትንፋሽ ይያዙ" አለ ማሽኑ፤ ያዝኩ። አለቀ።

ብሩክ ከመስታወቱ ጀርባ አውራ ጣቱን አነሳ። "ጋሼ፣ በጣም ቆንጆ ነው!"

ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሰብለ ጋ ደወልኩ።

"ቆንጆ ነው አሉ!"

"ምኑ?"

"ልቤ።"

"ማን ነው ያለው? ዶክተሯ?"

"ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ።"

"ቆንጆ ማለት ክፍት ማለት ነው?" አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ይዤ ዶክተር አስቴር ጋ ገባሁ። ፈገግ አላለችም። "አይደለም" አለች። "ብሩክ ያደነቀው ሥዕሉን ነው። ይህ ማሽን ደካማውንና ጠንካራውን ጨረር ለይቶ ያነባል፤ ጠንካራውን መርጠን ስናይ የብረቱ ነጸብራቅ ይቀንሳል። እኛ የምናጠናው ያንን ነው። እኔና ሌላ ሐኪም ሳንነጋገር ለየሥዕሉ ከአምስት ነጥብ እንሰጣለን። ግን የተዘጋ ቧንቧም ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። የእርስዎን በደንብ አይቼ ነገ ዘጠኝ ሰዓት እነግርዎታለሁ።"

ሰው የሚያደንቀውን ሁሉ ስጠራጠር የኖርኩ ሰው ነኝ። የገዛ ልቤ ስትደነቅ ግን ወዲያው አመንኩ። ለሰብለ መልሼ አልደወልኩላትም፤ ምን ልበላት?

አራተኛው ቀን

ጴጥሮስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግድግዳ እያየሁ እንዳልቀመጥ ወደ ተበላ ይዞኝ ሄደ። ተበላ ከሶዶ ቁልቁል የምትገኝ የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሚኒባሱ በወረደ ቁጥር ሹራብ ይወልቃል። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ማንጎው፣ ሙዙ፣ በቆሎው መሬት ላይ ተዘርግቷል። ስለ ገበያው ብዙ መጻፍ ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ሰዓቴን ነው።

ምሳ የጋበዘችን እዚያ የምትኖረው የጴጥሮስ ታላቅ እህት ናት። ገና ስገባ ሳቀች። "አንተ ነህ አዬን ቱኬ አላፈላም አሰኝተህ ያስማልካት?" ወሬው ቁልቁል ከሚኒባሳችን ቀድሞ ወርዷል። የተቀቀለ በቆሎና ጎመን አቀረበችልኝ፣ ከጎኑ ዳጣ። ሥጋና ቅባት ተከለከልኩ እንጂ ዳጣ አልተከለከልኩም ብዬ ተከራከርኩና በክርክሩ አሸነፍኩ። ምሳው ሳያልቅ ያ ጭንቀት መጣ፤ እዚያው የደረቴ አጥንት ሥር። ሹካውን አስቀመጥኩ። ጴጥሮስ ፊቱ ተለወጠ።

"እንሂድ" አለ። "አሁኑኑ።"

ወደ ሶዶ የሚመለሰው ሚኒባስ ዳገቱ መሃል ላይ ጎማው ፈነዳ። መለዋወጫው ራሱ የፈነዳ ነበር። ሰባት ሰዓት ከሃምሳ። ሾፌሩ "አሁን ሌላ ይመጣል" አለ፤ ይህን አረፍተ ነገር ከአዲስ አበባ ስለማውቀው በእግሬ ጀመርኩ። ጴጥሮስ ከኋላ እየተከተለ ይለምነኛል።

"አትሂድ! ቁጭ በል! ልብህ…"

"ልቤ የምትቆም ከሆነ ቆሜ ከምጠብቃት እየሄድኩ ታግኘኝ።"

ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነበር፤ ስፈራ ደግሞ ተቀምጦ መጠበቅ አይሆንልኝም። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ዳገቱ አያልቅም፣ ከበስተጀርባ አባያ ሐይቅ እያብረቀረቀ ይታያል፤ ጴጥሮስ ዞረህ እይ ቢለኝም አልዞርኩም። አንድ ግማሽ ሰዓት ከወጣን በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። ደረቴ ላይ ምንም የለም። ቁጭ ብዬ ጎመን ስበላ የተጨነቀው ደረት ዳገት ስወጣ ዝም ብሏል። ለጴጥሮስ ልነግረው ዞርኩ፤ እሱ ግን በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ እያለከለከ መልስ መስጠት አልቻለም። ከሁለታችን የልብ ሕመምተኛው እሱ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ማንጎ የጫነ ባጃጅ አገኘንና ከጆንያው ጋር ተደርበን ገባን።

ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ሲሆን ዶክተር አስቴር ክፍል ገባሁ፤ አቧራዬን እንደለበስኩ። ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረች። ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ነው። በግራ በኩል ያለውን ዓይነት አውቀዋለሁ፤ የበራ አምፖል የመሰለ ነጭ እብጠት። በቀኝ በኩል ሁለት ቀጫጭን መስመሮች፣ እንደ ባቡር ሐዲድ፤ በመሃላቸው ፈዘዝ ያለ መንገድ።

"ሁለቱም የእርስዎ ናቸው" አለች። "ያው ትናንት፣ ያው ሰከንድ። የግራው በተለመደው መንገድ ሲታይ፣ የቀኙ ጠንካራው ጨረር ሲመረጥ።"

"ለቀኙ ስንት ሰጡት?"

"አራት። አምስት ለማንም አልሰጥም።"

"ሌላኛው ሐኪምስ?"

"አላውቅም። ሳንነጋገር ነው አልኩዎት።"

"ለእኔስ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "ለሰው ነጥብ የለንም። መሃል ያለው መንገድ ደም ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። እዚች ጫፏ ላይ ትንሽ ውፍረት አለ፣ መንገድ የሚዘጋ አይደለም። መድኃኒትዎን አያቋርጡ። ስቴንትዎ ክፍት ነው።"

ጴጥሮስ ከጀርባዬ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁ።

"ደረትዎን መቼ መቼ ነው የሚጨንቅዎት?" አለችኝ።

"ዛሬ ምሳ ላይ። ዳጣ ስበላ።"

"ዳገት ሲወጡስ?"

"ምንም።"

ብዕሯን አስቀመጠች። "እኔ የማየው ሥዕል ነው፤ ሐኪምዎ ይወስናል። ግን ጨጓራዎን ይታዩ።"

መሣሪያ በበዛ ቁጥር አለማወቃችን ቦታ ይቀይራል እንጂ አይቀንስም የሚል ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። ጽሑፎቹን አልመልስም። ይህቺን አንዲት ማሽን ብቻ ከእነሱ አውጥቻታለሁ።

አምስተኛው ቀን

አውቶቡሱ ሦስት ሰዓት ላይ ስለነበር ጠዋት አዬ ቤት ገባሁ። ስምንቱም ሰዎች በቦታቸው አሉ፤ መሃላቸው ግን ቦዬው ብቻ ነው፣ ስኒ የለም። ቅጠሉ ተወቅጦ ተቀምጧል፤ ማሰሮው ባዶውን ነው።

"ክፍት ነው" አልኩ። ጴጥሮስ በወላይትኛ ደገመላቸው፤ እኔ ከተናገርኩት በጣም ረዘም አድርጎ።

አዬ ወዲያው አላመኑም። "ወረቀቱ የታለ?" ዶክተር አስቴር ሥዕሉን በስልኬ እንዳነሳ ፈቅዳልኝ ነበርና አሳየኋቸው። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት።

"የትኛው ነው?"

"እነዚህ ሁለት መስመሮች።"

"ይሄ ነው?" አሉ። "ይቺ ትንሽ? እኔ ሁለት ቀን እህል ያልበላሁት ለዚህ ነው?" ስልኩን መለሱልኝና ማሰሮውን ውሃ ሞልተው ጣዱ። አንድ ሰው "ሎኦ!" አለ፣ መልካም ማለት ነው፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ለእኔ ደስታ ይሁን ለቱኬው አልጠየቅኩም።

ሦስት ስኒ ጠጣሁ። ስነሳ አዬ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ የደረቀ የቡና ቅጠል ከነበርበሬው እጄ ላይ አኖሩ።

"ለሚስትህ ነው። እሱም ልቡ ደክሟል።" እሷ ማለታቸው ነበር፤ ከእኔ ወላይትኛ የእሳቸው አማርኛ አሥር እጥፍ ይሻላል፤ ነገሩም ትክክል ነበር። ስለ እሷ ልብ ያሰበ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ቤቴ ስደርስ ሰብለ ከልቅሶ በኋላ እንደሚሆነው ዓይኗ አብጦ በሩን ከፈተች። በስልክ ነግሬያታለሁ፤ ግን አንዴ በአካል ልትሰማው ፈለገች። "ክፍት ነው" አልኳት። ደረቴ ላይ ጆሮዋን አድርጋ፣ እሷ ከማሽኑ የበለጠ የምትሰማ ይመስል፣ ቆየች። ከዚያ ቅጠሉን እንዳሳየኋት አፈላነው። በሁለት ስኒ ቀዳሁ። እሷ ፉት አለች፤ ፊቷ ተጨማደደ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"በርበሬ አለበት?"

"አለበት።"

"ዶክተሯ ስለ ጨጓራህ ምን አለች?"

ይህን በስልክ አልነገርኳትም ነበር። አሁን ነገርኳት። ሦስት ወር ሙሉ የተናገረችውን መድገም አላስፈለጋትም። ስኒዬን ከእጄ ወስዳ የራሷ ስኒ ውስጥ ገለበጠችው፤ ሁለቱንም ቀስ ብላ ጠጥታ ጨረሰች።